ከስልክ ማውጫው ሽፋን ጀርባ

እናቴ ጨዋታውን ሁልጊዜ በር ላይ ነበር የምታቆመው። በሩ ተከፍቶ አይደለም፤ እጀታው ሊዞር ሲል። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ሁለት መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ለመስማት ትንፋሼን ስውጥ፣ ቀና ትልና በሥራ ቦታዋ ድምፅ «መስመር ላይ ይቆዩ» ትላለች። ከዚያ ባለ ስድስት ገጹን ዳዶ አንስታ ኪሷ ትከተዋለች። ለዚያ ቀን አለቀ። ብንለምናት፣ ብናኮርፍ፣ ቀሚሷ ላይ ብንንጠለጠል አትናገርም።

«በሞቴ እማዬ፣ ከበሩ ኋላ ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? ገና አልተከፈተ!»

እውነቷን ይመስለኝ ነበር። እሷም ከእኛ ጋር በሩ ላይ የቆመች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኛ እኩል ገብታ የምታይ ይመስለኝ ነበር።

የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ደፍታ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ስታገናኝ ትውላለች። ማታ ስትመለስ ቀኝ ጆሮዋ ቀልቶ ይግላል። ስለዚህ ስናወራት የምታዳምጠን በግራ ጆሮዋ ነው፤ ስትቀመጥም ሰውነቷን ወደ ግራ ጣል አድርጋ ነው። ሰው እንዲህ የሚቀመጠው ሲደክመው መሆኑን አላውቅም ነበር። የእናት አቀማመጥ እንዲያ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ጨዋታውንም ያመጣችው ከሥራ ቦታዋ ነው። ከባልደረቦቿ አንዷ ውጭ አገር ተምራ የመጣች ነበረች፤ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹን ታጫውታቸዋለች። ሰሌዳ የለውም፤ ጠጠርም የለውም። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል። አጫዋቹ አንድ ዓለም እያወራ ያቆማል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ ሰው ይሆኑና የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው አይሳካላቸው ሲያጠራጥር ዳዶ ይጣላል። ሌላ ነገር የለውም። እኔ ቁልፍ ሁሉ የሚከፈትላት ሌባ ነበርኩ። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱ ደግሞ መንገድ መሪ ነበር፤ ኮከብ አይቶ አቅጣጫ የሚያውቅ።

እናቴ አጫዋችነቱን ስትይዝ ከፊቷ ያሮጌ ስልክ ማውጫ ደረቅ ሽፋን እንደ ድንኳን ከፍታ ታቆማለች። ገጾቹ ተቀዳደው አልቀዋል፤ ሽፋኑ ግን ቀይ፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ የተላጠ ነው። ዳዶውን የምትጥለው ከሽፋኑ ጀርባ፣ እኛ በማናይበት ነው። ለእኔም ለወንድሜም የምትጥለው እሷ ናት።

«ለምን እኛ አንጥልም?» እላለሁ።

«ዳዶን ያየ ይሸከመዋል። እናንተ ገና ልጆች ናችሁ።»

«ምን ይከብዳል? ጥርስ አያህል!»

«ጥርስስ ይከብድ የለ፣ ሲያምሽ?»

የምንጫወተው አክስቴ ቤት፣ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ የአክስቴ ነው፤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴን አላስታውሰውም፤ ሲሞት ገና በዳዴ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሦስታችን አንዱ ክፍል ተሰጥቶን እንኖራለን። በክፍሉ ሁለት አልጋ፣ በመሀል አንድ ጠረጴዛ፣ በአንዱ ግድግዳ ባለመስታወት ቁም ሳጥን አለ። የቁም ሳጥኑ በር ማጠፊያው ላልቶ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስንራመድ ይንጫረራል። እናቴ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ትቀመጣለች። ከእሷ ፊት ለፊት ያለው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ወንድሜ ያን ወንበር ለማንም አይለቅም ነበር።

«ዛሬ እኔ ልቀመጥበት።»

«ትወድቂያለሽ።»

«አልወድቅም!»

«ታላቅሽ ነኝ፤ ጨርሻለሁ።»

ከእናቴ ፊት ለፊት መሆን ፈልጎ ነው፣ የጠረጴዛው አባወራ መሆን አምሮት ነው ብዬ አኮርፍ ነበር።

ዛሬ ሳስበው እናቴ ጎበዝ አጫዋች ነበረች። «አይቻልም» ስትል ሰምቼያት አላውቅም። በመስኮት እበራለሁ ብላት እንኳ «ይቻላል» ትልና «ግን መስኮቱ ስንት ፎቅ ላይ እንዳለ ጠይቀሻል?» ትጨምራለች። ዝም ያለውን አትረሳም። እኔ ስለፈልፍ ቆይቼ ትንፋሽ ስወስድ፣ ወደ ወንድሜ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተስ አባቴ፣ ምን ታደርጋለህ?» ትለዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። የቱንም ያህል ቢቆይ ትጠብቃለች። እንዲያ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ድምፆቹን የምታመጣው ከማዳመጫው ነው። ሩቅ አገር ሲደውል በጮኸ ቁጥር የሚቀርብ የሚመስለው አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበራት፤ ዘንዶውን በእሱ ድምፅ ታስጮኸዋለች። ዘንዶው ከዋሻው ሲወጣ «ሃሎ! ሃሎ! ማን ነው እዚያ?» ይላል፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን።

አክስቴ ጨዋታውን አትወደውም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ እጆቿ በሳሙና ተልጠው ነጥተዋል፤ ስትስቅም የሆነ ነገር እየከፈለች ይመስላል። አንድ ቀን የታጠፈ ልብስ ታቅፋ በክፍላችን በኩል ስታልፍ እናቴ ከሽፋኑ ጀርባ ቀና አለችና፣

«እትዬ፣ ዘንዶው የእርስዎን በር እያንኳኳ ነው። ምን ያደርጋሉ?» አለቻት።

አክስቴ ሳትቆም «እግሩን ጠርጎ ይግባ!» አለች።

«አራት እግር እኮ ነው ያለው፣ አክስቴ!» አልኳት።

«እንግዲያው አራቱንም!»

ወንድሜ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አክስቴ ኮሪደሩ መጨረሻ ደርሳ ብቻዋን ስትስቅ ሰማናት። በዚያ ቤት ውስጥ ሁላችንም አንድ ላይ የሳቅንበት ሌላ ቀን አለ ብዬ አስቤ አስቤ አጥቻለሁ።

ዕድለኛ ነበርኩ። ቢያንስ እንዲያ አምን ነበር። ድልድይ ላይ ስሮጥ እንጨቱ ሲሰበር፣ እናቴ ዳዶውን ትጥላለች፤ ከሽፋኑ ጀርባ ኳ ኳ ብሎ ይቆማል፤ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ከዚያ «አምስት! ገመዱን ያዝሽው» ትላለች። ዘንዶው ሲተነፍስብኝ አምስት። ገደል አፋፍ ላይ ሲያዳልጠኝ ስድስት። ሞት እንደሚፈራኝ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አውርቻለሁ። በእንዲህ ያለው ሰዓት ወንድሜ ከእናቴ ትከሻ በላይ አሻግሮ እያየ ፈገግ ይላል። በእኔ የሚያሾፍ ይመስለኝና በጠረጴዛው ሥር እረግጠዋለሁ።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ እየከበደ ሲመጣ፣ ጨዋታው ወደ አንድ ሐይቅ ወሰደን። በሐይቁ መካከል ግንብ አለ፤ በግንቡ ላይ ፋኖስ አለ፤ ፋኖሱን የምታበራ አንዲት ሴት አለች። ሌሊት በሐይቁ ላይ የሚያልፍ ሁሉ የሚድነው በዚያ ፋኖስ ነው። ሴትየዋ ስንት ዓመት እንዳበራች ረስታዋለች። እናቴ ለዚህች ሴት ከማዳመጫው የለቀመችው ድምፅ አልሰጠቻትም። ሌላው ሁሉ ሲያወራ አስመስላ ነበር፤ ፋኖስ አብሪዋ ግን በእናቴ በራሷ ድምፅ ነበር የምታወራው። ድምፅ አልቆባት ነው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

ከዚያ ቀዛፊው መጣ። ጀልባው ጠባብ ነው፤ ማዶ ያሻግራል፤ ግን ከአንድ ሰው በላይ አይጭንም።

«ደራርበን ብንቀመጥስ?» አልኳት። «እኔ እኮ ሚጢጢ ነኝ።»

«ጠየቅሁት» አለች እናቴ።

«እና ምን አለ?»

«አንድ ብቻ።»

«ሁለቴ ይመላለስ!»

እናቴ ከሽፋኑ ጀርባ ዳዶውን በጣቶቿ ስታገላብጠው ይሰማኛል። «አንዴ የሄደ ጀልባ ነው» አለች። «አይመላለስም።» ከዚያ መስመር ላይ ይቆዩ አለችና ያን ቀን ያለ በር አቆመች።

በዚያ ሳምንት መሀል ከኩሽና በር ውጭ ቆሜ የሰማሁት ነገር በጣም አስገርሞኝ ነበር። ውኃ ልጠጣ ነው የሄድኩት። አክስቴ ውስጥ ሆና፣ ድስት እየፈተገች፣ «አንቺን ብቻ ነው የምወስደው ካለ፣ እሱ ሰው ነው?» ትላለች።

«እሱ አይደለም ያለው፣ እትዬ። እናቱ ናት።»

«ጢም ያወጣ ወንድ የእናቱን ቃል ከኋላው ሸጉጦ ሲሄድ አያሳፍረውም?»

እናቴ የመለሰችውን አልሰማሁም። ቧንቧው ተከፍቶ ነበር። ሲዘጋ አክስቴ እያወራች ነው፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል።

«የወንድሜ ልጆች ናቸው፤ ሜዳ ላይ አልጥላቸውም። ስለ እነሱ አትፍሪ። አንቺን ግን ቅሪልኝ ብዬ አልለምንም። ወጣት ነሽ፤ ዐውቃለሁ። ብቻ እንደ ሌባ ተሹለክልከሽ እንዳትወጪ። ዐይን ካለሽ ጠይቂያቸው። ልጆቹን ጠይቂያቸው!»

ውኃዬን ሳልጠጣ ሮጬ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ያነባል።

«አክስቴ ስለ ቀዛፊው ታውቃለች!» አልኩት። «እማዬ ነግራታለች! አንድ ሰው ብቻ እንደሚጭን ሁሉ ታውቃለች። እሷም ልትጫወት ነው መሰለኝ!»

ወንድሜ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አደረገው።

«ሌላ ምን አለች?»

«ልጆቹን ጠይቂያቸው አለች።»

«ዝም በይ» አለኝ። ክፉ አነጋገር አልነበረም። ብርድ ልብሱን ስቦ ፊቱን ሸፈነ፤ በቀን።

ቀዛፊው ማን እንደነበር የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እኔ ወደ ትልቅነት እየሄድኩ ሳለ፣ ድንች ስንልጥ፣ ያለ ምንም መግቢያ። የመስመር ጥገና ሹም ነበር። እናቴ ከምትሠራበት ማዞሪያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ካለእሷ አልሄድም አለ፤ እናቱ ደግሞ የሌላ ሰው ልጆች ደጄን አይረግጡም አለች። «መጥፎ ሰው አልነበረም» አለች አክስቴ፣ የድንቹን ዐይን በቢላ ጫፍ እየነቀለች። «መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር።»

ቅዳሜ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት ይመታል፤ ክፍሉ ከመጨለሙ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የጠረጴዛ መብራት አብርተናል። እናቴ ቀዩን ሽፋን ስታቆም ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ወንድሜ በሚወዛወዘው ወንበሩ ተቀምጧል፤ ያን ቀን ግን አይወዛወዝም፤ በእግሩ ጣቶች ተክሎታል።

እናቴ ሐይቁን አወራችልን። ጉሙን አየሁት። ጀልባው ከግንቡ ሥር ታስሮ እንጨቱ ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት፤ እርጥብ ክብሪት የሚመስል ሽታ አለው አለች፤ ሸተተኝ። ፋኖስ አብሪዋ ደረጃውን ወርዳ ወደ እኛ መጣች።

«እንግዶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች፣ በእናቴ ድምፅ። «ቀዛፊው ዛሬ ይሄዳል። እኔ ማዶውን አይቼው አላውቅም። ብሄድ፣ ፋኖሱን ማን ያበራዋል?»

ምንም አላመነታሁም። ግንቡ ለእኔ ሲቀር ታየኝ። ደረጃው፣ ክፍሎቹ፣ ቁልፎቹ፣ ያ ሁሉ ፋኖስ።

«እኛ እናበራዋለና!» አልኩ። «ትሂድ! ምን ችግር አለው? እኛ እኮ ጎበዞች ነን።»

«ትፈሪያለሽ እኮ፣ ብቻሽን። ሐይቁ ይጨልማል።»

«አልፈራም! ፋኖስ አለ አይደል እንዴ? ትሂድ በያት፣ እማዬ።»

እናቴ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«አንተስ አባቴ? ምን ታደርጋለህ?»

ጠበቀችው። እኔ ሰለቸኝ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ። ዝናቡ ሄደ፤ እንደገና መጣ። ከኮሪደሩ የአክስቴ ኮቴ ቀርቦ በራችን አጠገብ ቆመ፤ አልገባችም።

«ትቅር» አለ ወንድሜ።

«ለምን ትቅር? ማዶውን አይቼው አላውቅም አለች እኮ!» አልኩት።

«ትቅር» አለ፤ እኔን አላየኝም። «ጀልባው ያለእሷ ይሂድ።»

እናቴ ሁለታችንንም ስታየን ቆየች። «አልተስማማችሁም» አለች በመጨረሻ። «ዳዶው ይፍረድ። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ትሄዳለች። ከአራት ካነሰ ትቀራለች።»

ከኪሷ አወጣችው። በእፍኟ ውስጥ አናወጠችው፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ለረጅም ጊዜ ስታናውጥ አላየኋትም። ጣለችው። ኳ ኳ አለና ቆመ። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀና አለች። ቀና ስትልም እኔን አይደለም፤ ወንድሜን ነው ያየችው። ዐይን ለዐይን ተያዩ። በመሸነፉ ልታባብለው ፈልጋ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ስድስት» አለች።

«ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ እያጨበጨብኩ። «ብያለሁ!»

ወንድሜ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። አላነሳውም፤ ከክፍሉ ወጣ። መሸነፍ የማይችል ልጅ ነው ብዬ ናቅሁት። እናቴ ዳዶውን ኪሷ ሳይሆን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «መስመር ላይ ይቆዩ»ንም አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩላት።

የሄደች ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳለች፤ አንድ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። አክስቴ ለሥራ ወጥታለች፤ ቀድማ የወጣችው ሆን ብላ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ወንድሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ሥራ ሊሄዱ ሻንጣ ለምን እንደሚይዙ አልጠየቅኋትም። እናቴ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልብስ ይዛ ትሄድ ነበር።

ተንበርክካ ራሴን ስማ ሽታዬን ወደ ውስጥ ሳበችው። ኮሌታዬን አስተካከለችው፤ ተስተካክሎ ሳለ።

«ፋኖሱን አደራ» አለችኝ።

ጨዋታ መሆኑ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ሳይሆን፣ ጠረጴዛም ሳይኖር፣ ከእኔ ጋር ብቻ! «እሺ» አልኩ፤ ሳቄን ይዤ። እጇ እጀታው ላይ ሲያርፍ ሁሌ የምላትን አልኳት።

«ከበሩ ኋላ ማን አለ?»

እናቴ ዘወር አላለችም።

«መስመር ላይ ቆዪ፣ የኔ እናት» አለች። የሥራ ቦታ ድምፅዋ አልነበረም።

እጀታው ዞረ።

ቅዳሜ ጠረጴዛውን አጽድቼ ቀዩን ሽፋን አቆምኩት። ወንድሜ አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አቆምኩት። ጨዋታው የት ላይ እንደቆመ ዐውቃለሁ፤ አጫዋቿ ገና ከሥራ አልገባችም እንጂ አልተቋረጠም። እስከዚያ የገባሁትን ቃል እጠብቃለሁ። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ የመስኮቱን መብራት አበራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ባንሆንም፣ ኩሽና ውስጥ ብንሆንም፣ አበራለሁ። አክስቴ መብራት ያለ ሰው ሲበራ ማየት አትችልም ነበር፤ አንድ ጊዜ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ «ፋኖሱ ነው» አልኳት። እጇን መለሰች። ከዚያ በኋላ በዚያ መብራት ላይ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ አምፖሉ ሲቃጠልም ሳልጠይቃት ትለውጠው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የዝናብ ወራት ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። እኔ ነበርኩ ቅርብ።

«ሃሎ?»

የሚመልስ የለም። መስመሩ ውስጥ ከሩቅ የሚፈስ ውኃ የሚመስል ድምፅ አለ፤ ከዚያ ድምፅ በስተኋላ ደግሞ ትንፋሽ ያለ መሰለኝ።

«ፋኖሱ በርቷል» አልኩ። «በየቀኑ አበራዋለሁ። ደህና ነን፤ አታስቢ።»

ውኃው ትንሽ ፈሰሰ። ከዚያ ተዘጋ።

የተሳሳተ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሰው ዝም ብሎ መስመር ላይ የሚቆየው በብዙ ምክንያት ነው ትል ነበር እናቴ ራሷ። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን አኩርቻት የዘጋች መስሎኝ በደስታ ተኝቻለሁ። ያ ስልክ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ዝምታ አላመጣም። ከዓመታት በኋላ መሞቷን የሰማነውም ከተቀበረች ሰንብቶ ነው፤ በሰው በሰው።

በድንቹ ቀን፣ አክስቴ ስለ ጥገና ሹሙ ስትነግረኝ፣ እጄ ላይ የነበረው ድንች ወደቀ። አክስቴ ለእናቴ ያዘንኩ መሰላት። እኔ ግን የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ትሂድ! ምን ችግር አለው? ልጆቹን ጠይቂያቸው ተባለች፤ ጠየቀችን። አንዱ ትቅር አለ፤ አንዷ ትሂድ አለች፤ ዳዶውም ዕድለኛዋን ሰማ። እናቴን የላክኋት እኔ ነኝ። ይህን ለወንድሜም ለማንም ሳልነግር አረጀሁበት። ልጆች ወልጃለሁ፤ ዳዶ ያለበት መጫወቻ ቤቴ አይገባም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አሻንጉሊት ነው የሚሻላችሁ እላለሁ።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። ቤቱን ልናስረክብ እኔና ወንድሜ ዕቃ ስናወጣ ሰነበትን። ወንድሜ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ መፍቻና ብሎን ከእጁ አይለይም። በመጨረሻው ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የቀሩት በደረጃው አልወርድ ያለው ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛው፣ አንድ ወንበርና የመስኮቱ መብራት ነበሩ። ወንድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ የመጋረጃውን ብረት ይፈታል። የፈታውን ብሎን ጠረጴዛው ላይ፣ ከአንድ የካርቶን ሳጥን ጀርባ፣ እየወረወረ ያስቀምጣል። ደክሞኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ተወዛወዘ። የዕድሜዬን ግማሽ የተመኘሁት ወንበር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ተቀምጬበት አላውቅም።

ቀና አልኩ። ከፊቴ ካርቶኑ አለ፤ ከካርቶኑ ጀርባ ያለው አይታየኝም። ከዚያ በላይ፣ ባዘነበለው የቁም ሳጥን በር መስታወት ውስጥ፣ የጠረጴዛው ወዲያኛው ገጽ እንዳለ ተዘርግቷል። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የእናቴ ትከሻ መሀል ላይ ሊኖር ይገባ ነበር፤ ግን እሷ ወደ ግራ ጣል ብላ ነበር የምትቀመጠው።

«ከዚህ ይታያል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ከሽፋኑ ጀርባ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«ሁልጊዜ ታይ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለ ወንድሜ ከላይ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ጨዋታው ይሞት ነበር።» ትንሽ ሳቅ አለ። «ድልድዩ ላይ የወጣልሽ አንድ ነው። ዘንዶውም ጋ አንድ። ገደሉ ላይ ሁለት መሰለኝ። ስሚ፣ እንዳንቺ ያለ ዕድለ ቢስ ዳዶ አይቼ አላውቅም። ስንቴ ሞተሽ ስንቴ አነሳችሽ!»

እኔም ሳቅሁ። ባዶ ቤት ስለሆነ ሳቃችን ተመልሶ መጣብን። ከዚያ ጥያቄው በራሱ አፌ ውስጥ ተገኘ።

«ያን ቀንስ?»

የትኛውን ቀን አላለኝም። ከመሰላሉ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መፍቻውን አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። ጠበቅሁት።

«ሁለት» አለ።

መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ አለፈ።

«ሁለት ነበር የወጣው። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀና ስትል እኔ አፍጥጬ መስታወቱን ሳይ አገኘችኝ። ያየሁትን ዐይኔ ውስጥ አየችው። እንደማይ ያወቀችው ያን ሰዓት ነው። እንዳወቅሁ እያወቀች ነው ስድስት ያለችው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት…»

«ያየ ይሸከመዋል አላለችም?» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ አልወጣለትም።

ሸክም ሲወርድ ቀለል ይላል ይባላል። ተቀምጬ ቅለቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔ የላክኋት እስከሆነ ድረስ የተላከች እናት ነበረችኝ፤ የተላከ ሰው ደግሞ ይዘገያል እንጂ መመለሻ አለው። አሁን የቀረችኝ የሄደች ሴት ናት። ስንት ጊዜ ለእኛ ስትል ዳዶ የዋሸች፣ አንድ ጊዜ ለራሷ የዋሸች። ልፈርድባት ፈለግሁ፤ እሱም አልሆነልኝም። በዚያ ወንበር ላይ ተገኝቶ ያየው፣ የተሸከመውም ወንድሜ ነው፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላው።

ወንድሜ ብሎኖቹን በእፍኙ ጠራርጎ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረ።

«ያቺን መብራት ትወስጂያታለሽ?» አለኝ ወደ መስኮቱ እያየ።

«ተዋት።»

መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ወደ መስኮቱ ሄጄ፣ እጄ የሚያውቀውን ቦታ ሳላየው አግኝቶ፣ ማብሪያውን ተጫንኩት። ወንድሜ ጠዋት የኤሌክትሪኩን መስመር ቆርጦት ነበር። ያበራሁት ይሁን ያጠፋሁት አላወቅሁም።